የረጠበ መጽሐፍ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፦ ዝናብና ጎርፍ የገባባቸውን ስብስቦች ለሚታደጉ በጎ ፈቃደኞች

ክረምት ከገባ አሸንዳው በቅጠል ይደፈናል፤ ሚስማሩ የላላው ቆርቆሮ ያፈሳል፤ አንድ ሌሊት ኮርኒሱ የቋጠረውን ውኃ ይዞ መደርደሪያው ላይ ይዘረገፋል። ሲነጋ የሰፈሩ ወጣት ይሰበሰብና መጻሕፍቱን ተሸክሞ አውጥቶ ግቢው ሣር ላይ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል። ልብስ ሲረጥብ የምናደርገው ይህንኑ ስለሆነ ማንም አይፈርድበትም። ችግሩ፣ ከውኃው የተረፈውን መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ያው ፀሐይና ያው ጥድፊያ መሆኑ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ ለሚሠሩ ሰዎች ነው፦ ለሰንበት ተማሪዎች፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ ለአካባቢ ሙዚየም ወዳጆች። ጥገና አያስተምርም። የእናንተ ሥራ ጉዳቱ ካለበት እንዳያልፍ ማድረግ ብቻ ነው።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር እንነጋገር። ሞቃትና አየር በማይንቀሳቀስበት ክፍል ውስጥ ሻጋታ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይነሣል። በደጋ ብርድ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፤ በቆላ ግን አትመኑት። ስለዚህ ያላችሁ ጊዜ ሁለት ቀን ያህል ነው። ከዚህ ላይ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰዓታት ለዝግጅት ብታውሉ ምንም አልዘገያችሁም።

1. መጀመሪያ ከበሩ ውጭ ቁሙ

መብራቱን ከቆጣሪው ላይ አጥፉ። ቆጣሪው ውኃ ነክቶት ከሆነ ወይም እሱ ጋ ለመድረስ ውኃ መርገጥ የግድ ከሆነ አትንኩት፤ የመብራት ኃይል ሠራተኛ ይጠራ። ቀጥሎ ቀና ብላችሁ እዩ። ሆዱን የነፋ ኮርኒስ ውኃ ተሸክሟልና ከሥሩ ማንም አይቁም። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ደግሞ የግድግዳውን እግር መርምሩ፤ ከታች የራሰ ጭቃ የላዩን ክብደት መሸከም ያቅተዋል፣ ሲወድቅም አስጠንቅቆ አይወድቅም። ግድግዳው ካበጠ ወይም አዲስ ስንጥቅ ካወጣ፣ ውስጥ ያለው ምንም ያህል ውድ ቢሆን አትግቡ።

የጎርፍ ውኃ የሽንት ቤት ጉድጓድ እንደተቀላቀለበት ቁጠሩት። ቦት ጫማ፣ የጎማ ጓንት፣ ማስክ ያስፈልጋል። ሻጋታ ከታየ የጨርቅ ማስክ አይበቃም፤ ኤን 95 የሚባለውን ፈልጉ። አስም ያለበት ሰው ወደ ሻገተው ክፍል አይግባ፤ ውጭ ሆኖ መዝገብ ይያዝ።

2. የሚያዝ አንድ ሰው፣ የሚፈቅድ አንድ ባለቤት

ሃያ ሰው ተሰብስቦ ሃያውም የሚያዝ ከሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተበላሽቷል። አንድ አስተባባሪ ምረጡ፤ እሱ መጽሐፍ አይሸከምም፣ ያያል፣ ይወስናል። ከዚያ የቀሩት በአራት ይከፈሉ፦ አውጪዎች፣ መዝጋቢዎች፣ አድራቂዎች፣ አንድ ወይም ሁለት በር ጠባቂ። በር ጠባቂው የሚገባውን ሰውና የሚወጣውን ዕቃ ይጽፋል። ይህ ሰውን መጠርጠር አይደለም። በግርግር ቅርስ ይጠፋል፤ ሲጠፋ ደግሞ መጀመሪያ ጣት የሚቀሰርበት ለእርዳታ የመጣው ወጣት ነው።

ቦታው ቤተ ክርስቲያን ከሆነ አስተዳዳሪውና ቄሰ ገበዙ ሳይፈቅዱ አንድ ነገር አታንሡ። ወደ መቅደስ የምትገቡት እናንተ አይደላችሁም፤ ንዋየ ቅድሳቱን ካህናቱና ዲያቆናቱ ያወጣሉ፣ እናንተ ውጭ ጠረጴዛና ንጹሕ ጨርቅ አዘጋጅታችሁ ትጠብቃላችሁ። «አባ፣ ይህን እኛ መንካት እንችላለን?» ብላችሁ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ጠይቁ። ዕቃ ቤቱን ለዓመታት የያዙ አባት የትኛው መጽሐፍ በየትኛው ኩላብ ላይ ተሰቅሎ እንደነበር ያውቃሉና አጠገባችሁ ወንበር አቅርቡላቸው፤ ከየትኛውም ካታሎግ በላይ ይጠቅሟችኋል። በመስጊድም ሆነ በግል ስብስብ ደንቡ ያው ነው፤ የባለቤቱ ቃል ይቀድማል።

የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን በዚያው ቀን እንዲያውቁት አድርጉ። ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚጠበቅ ንብረት ነው። በቅን ልቦናም ቢሆን ያለ ጽሑፍ ፈቃድ መኪና ላይ ጭኖ ወደ ሌላ ከተማ መውሰድ የለም።

3. ከማንሣታችሁ በፊት ፎቶ

እያንዳንዱን ክፍል ከበሩ፣ እያንዳንዱን መደርደሪያ ከፊት ለፊት አንሡ። ከዚያ መደርደሪያዎቹን ቁጥር ስጧቸው፤ ከመደርደሪያ 3 ሁለተኛ ረድፍ የወጣ ሳጥን «3/2» ይባላል። ይህቺ ትንሽ ቁጥር ከሌለች ከሳምንት በኋላ ሁሉም ነገር ደርቆ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ክምር ይሆናል። መለያውን በእርሳስ ጻፉት፤ ቀለም ውኃ ሲነካው ይፈሳል። ወረቀቱን በመጽሐፉ ሽፋንና በመጀመሪያው ገጽ መካከል ጣል አድርጉት እንጂ በፕላስተር አትለጥፉት፣ በስቴፕለርም አትምቱት።

4. ማን ይቅደም?

ብዙ ሰው የራሰውን ለመታደግ ይሮጣል። ደረቁ ይቅደም። ጣሪያው አሁንም የሚያፈስ ከሆነ ያልረጠበው መደርደሪያ ላይ ላስቲክ ጣሉ ወይም ወደ ደረቅ ክፍል አሻግሩት፤ ዝናቡ ሲያባራ ግን ላስቲኩን አንሡ፣ አለበለዚያ ከሥሩ ይታፈናል።

ከዚያ ምትክ የሌለው ይለይ። የታተመ የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ አለው፤ የትምህርት ቤቱ የድሮ ሮስተር የለውም። የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ፣ የእጅ ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍ፣ ብራና፣ የሙዚየሙ የዕቃ መዝገብ ራሱ፣ እነዚህ ፊት ይውጡ። የመማሪያ መጻሕፍቱን መጨረሻ ላይ አድርጓቸው፣ ካልሆነላችሁም ተዉአቸው። ርእሰ መምህሩ መጻሕፍቱ ባሉበት ተጥለው ሲያይ ይከፋው ይሆናል፤ አስተባባሪው ምክንያቱን ያስረዳው።

የጊዜ ጉዳይም አለ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ያላቸው የሥዕልና የፎቶ መጻሕፍት እንደተዘጉ ከደረቁ ገጾቻቸው ተጣብቀው አንድ ጡብ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚያላቅቃቸው የለም። ብራናና ፎቶግራፍም እንዲሁ አይጠብቁም።

5. አወጣጥ

የራሰ መጽሐፍ አብጦ መደርደሪያው ውስጥ ይጨናነቃል። ጀርባውን (ስፌቱ ያለበትን ጎን) ይዞ መጎተት ሽፋኑን እጅ ላይ ያስቀራል። የግራና የቀኙን መጻሕፍት ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉና መካከለኛውን በሁለት እጅ፣ ከሥሩ ደግፋችሁ አውጡት። ተከፍቶ የተገኘውን አትዝጉ፣ የተዘጋውን አትክፈቱ፣ ማንንም አትጭመቁ። ለመሸከሚያ የአትክልት ነጋዴዎች የሚይዙት ጎኑ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ይመቻል፤ ውኃውን ያንጠፈጥፋል። መጻሕፍቱን ጀርባቸውን ወደ ታች አድርጋችሁ በአንድ ረድፍ ብቻ ደርድሩ። ሳጥኑን ሁለት ሰው ይሸከመው፤ ውኃ የጠጣ መጽሐፍ ከምትገምቱት በላይ ይከብዳል።

ጭቃ የለበሰውን ማጠብ የሚቻለው የታተመና ጥራዙ የጠነከረ መጽሐፍ ከሆነ ብቻ ነው። ንጹሕ ውኃ የሞላ ሁለት ሦስት ሣፋ አሰልፉ፤ መጽሐፉን ጥብቅ አድርጋችሁ እንደዘጋችሁ ንከሩትና በስፖንጅ ቀስ ብላችሁ ጭቃውን አስለቅቁ፣ አትፈግፍጉ። የእጅ ጽሑፍ፣ በማኅተም ቀለም የተሞላ ፋይልና ብራና ወደ ሣፋ አይገቡም፤ ጭቃው ከደረቀ በኋላ በባለሙያ እጅ ይነሣል።

6. ማድረቅ

ቦታው ጣሪያ ያለው፣ ጥላ የሆነ፣ አየር የሚተላለፍበት ይሁን። የስብሰባ አዳራሽ ወይም ባዶ መማሪያ ክፍል ጥሩ ነው። ቬንትሌተር ካገኛችሁ ወደ ግድግዳ አዙሩት፤ ነፋሱ ክፍሉን ይዙር እንጂ ገጹን አይምታ። ውጭ ዝናብ ሲጥል መስኮት መክፈት እርጥበት መጋበዝ ነውና ዝናቡ ሲያቆም ክፈቱ። የከሰል ምድጃ በጭራሽ አይግባ፤ ለመጽሐፉም መጥፎ ነው፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጢሱ እናንተንም ይገድላል። የፀጉር ማድረቂያና ካውያም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ጠርዙ ብቻ የረጠበ መጽሐፍ በቁሙ ይቁም፤ ሽፋኖቹን በመጠኑ ከፈት አድርጋችሁ ገጾቹን እንደ ማራገቢያ በታትኑ። በጣም የራሰው ግን በቁሙ አይቆምም፣ በራሱ ክብደት ይበጠሳል። እሱን አጋድሙትና ሃያ ያህል ቅጠል እየተዋችሁ ነጭ ወረቀት ጣልቃ አግቡ። ወረቀቱ ያልታተመበት የጋዜጣ ወረቀት ቢሆን ይመረጣል፤ ማተሚያ ቤቶች ከጥቅል የተረፈ ቁራጭ አያጡም፣ ሄዳችሁ ጠይቁ። የታተመ ጋዜጣ ቀለሙን ያስተላልፋል፣ ሶፍት ደግሞ ገጹ ላይ ተበጣጥሶ ይቀራል። ጣልቃ የገባው ወረቀት ሲደራረብ ከመጽሐፉ ውፍረት አንድ አምስተኛ አይለፍ፤ ካለፈ ጀርባው ይሰነጠቃል። ወረቀቱ ሲርስ ለውጡት፣ በለወጣችሁ ቁጥርም መጽሐፉን ገልብጡት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ በፈረቃ ካልሆነ ሌሊቱን አይዘልቅም።

ሰጋቱራ መነስነስ የሚመክራችሁ ሰው አይጠፋም። ጥቅምት 25 ቀን 1959 ዓ.ም. የአርኖ ወንዝ ፍሎረንስን አጥለቅልቆ የጣሊያን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትን ምድር ቤት በጭቃ ሲሞላው፣ ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች ተሰልፈው መጻሕፍቱን ከእጅ ወደ እጅ እያቀበሉ አወጡ፤ ሕዝቡም «የጭቃ መላእክት» አላቸው። ያን ጊዜ ውኃውን ይመጥጣል ተብሎ መጻሕፍቱ ላይ ሰጋቱራ ተነስንሶ ነበር። በኋላ ከየገጹ ስፌት ውስጥ ለቅሞ ማውጣት ራሱን የቻለ መከራ ሆነ። መጻሕፍቱን ወደ ትምባሆ ማድረቂያ ቤቶች የወሰዱም ነበሩ። የዛሬው የአደጋ ጊዜ አሠራር ብዙው የተቀመረው ከዚያ ቦታ ስሕተትም ጭምር ነው።

መድረቁን በዓይን አትፍረዱ። የእጃችሁን ጀርባ ገጹ ላይ፣ በተለይም ከስፌቱ አጠገብ አሳርፉ፤ ከቀዘቀዛችሁ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ሊደርቅ ትንሽ ሲቀረው ዝጉት፣ ቅርጹን አስተካክሉ፣ በሁለት ሳንቃ መካከል አድርጋችሁ ቀላል ክብደት ጫኑበት።

የሚያብረቀርቅ ወረቀት ያለው መጽሐፍ በእያንዳንዱ ገጽ መካከል የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ይፈልጋል። ለዚያ እጅም ጊዜም ከሌለ በቀጥታ ወደ ፍሪዘር ይሂድ።

7. ብራና ከሆነ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ብራና ተፍቆና ተወጥሮ የደረቀ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው፤ አልተለፋም። ውኃ ሲያገኘው ውጥረቱ ይለቅና ወደ እንስሳው ቅርጽ መመለስ ይጀምራል፤ ይኮማተራል፣ ይሸበሸባል። ራሶ ሳለ ሙቀት ካገኘው ደግሞ እንደ ሙጫ ይሆንና ሲደርቅ እንደ ጥፍር ይጠጥራል። ወደ ነበረበት አይመለስም። ፀሐይ ላይ የተሰጣ የራሰ ብራና መጨረሻው ይህ ነው።

ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት የተሠራ በመሆኑ ውኃ አያደበዝዘውም፤ ግን ቆዳው ላይ ተቀምጧል እንጂ አልጠለቀም፣ ስለዚህ በጨርቅ ብትጠርጉት ይነሣል። ቀዩ ቀለምና የሥዕሎቹ ቀለም ከዚያም ይደክማሉ። አትጥረጉ።

በየአድባራቱና በየገዳማቱ መጻሕፍቱ በማኅደር (በቆዳ ማንገቻቸው) ተደርገው ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀሉ ከጎርፍ ይተርፋሉ፤ ጠላታቸው የሚያፈስ ጣሪያ ነው። ማኅደሩ ረጥቦ መጽሐፉ አልወጣ ካለ አትሳቡ። ክዳኑን ከፍታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፣ ቆዳው ጥቂት ሲላላ በራሱ ይንሸራተታል። ከወጣ በኋላ ባዶውን ማኅደር በተጨማደደ ነጭ ወረቀት ሞልታችሁ በጥላ አድርቁት፤ ማኅደሩና መጽሐፉ አንድ ቁጥር ይያዙ።

መጽሐፉን በእንጨት ሽፋኑ ላይ አስተኙት። ለመክፈት ሲሞከር እስከሚፈቅደው ድረስ ብቻ ይከፈት፤ ከሁለቱም ሽፋኖች ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አስደግፉ። ብዙዎቹ ጥራዞቻችን ጀርባቸው ክፍት ሆኖ ስፌቱ ስለሚታይ አየር ይገባቸዋል፤ ይህ በጎ ዕድል ነው። በራሳቸው በሚለያዩት ቅጠሎች መካከል ብቻ ነጭ ወረቀት ወይም ንጹሕ ስስ ነጠላ ጨርቅ አስገቡ። የተጣበቁትን በቢላ፣ በጥፍር፣ በማስመሪያ አትፈልቅቁ፤ ተጣብቀው ይቆዩ። በሥዕል ላይ የተሰፋ መጋረጃ ረጥቦ ሥዕሉ ላይ ከተለጠፈ እሱንም አታንሡት፣ ሥዕሉን ይዞ ይመጣል።

አደራረቁ ዝግ ያለ ይሁን፦ ቀዝቃዛ ክፍል፣ ለስላሳ አየር። ቅጠሎቹ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይደርቁ፣ ትንሽ እርጥበት ይዘው ሳለ መጽሐፉ ተዘግቶ ቀላል ክብደት ይጫንበት። እንዲሁ ክፍት ሆነው ከደረቁ እያንዳንዱ ቅጠል በየአቅጣጫው ይጠማዘዝና መጽሐፉ ዳግም አይዘጋም። በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ገልጦ የሚያይ፣ ጣልቃ ወረቀቱን የሚለውጥ አንድ ተረኛ ይመደብ። ጧፍና ጥና በዚያ ክፍል አይብሩ፤ አባቶችን በትሕትና ካስረዷቸው አይከለክሉም።

ክታብ ከሆነ በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርጉትና ጠርዞቹን ብቻ በጨርቅ በተጠቀለሉ ትንንሽ ጠጠሮች ያዙት። በሐረር የሚገኙት የዓረብኛና የአጀሚ (በዓረብኛ ፊደል በአገር ቋንቋ የተጻፉ) መጻሕፍት በአብዛኛው ወረቀት ስለሆኑ ወደ ቁጥር 6 ተመለሱ፤ ነገር ግን በእጅ የተጻፉ ናቸውና አይታጠቡም፣ የቆዳ ጥራዛቸውም ሙቀት አይችልም።

8. ካቅም በላይ ሲሆን፦ ፍሪዘር

ሁለት መቶ የራሰ መጽሐፍ በስምንት ሰው በሁለት ቀን አይደርቅም። የቀረው ይቀዝቅዝ። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሻጋታም ቀለምም ባለበት ይቆማል፤ ለወራት ሊቆይ ይችላል፣ በኋላም በትንሽ በትንሹ እያወጡ ማድረቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ የኮርኒንግ የመስታወት ሙዚየም በጎርፍ ሲጥለቀለቅ መጻሕፍቱ የተረፉት በዚህ መንገድ ነው። እያንዳንዱን መጽሐፍ በመጋገሪያ ወረቀት ጠቅልሉ፣ መለያውን ከውጭም አድርጉ፣ ጀርባቸውን ወደ ታች አድርጋችሁ ሳጥን ውስጥ በአንድ ረድፍ ደርድሩ።

ፍሪዘር ከየት ይመጣል? ከሆቴል፣ ከሥጋና ከዓሣ ነጋዴ። የሽንት ቤት ውኃ የነካው መጽሐፍ ምግብ ባለበት ፍሪዘር አይገባም፤ ይህን ለባለቤቱ ሳትደብቁ ንገሩ። የአበባ እርሻዎች ቀዝቃዛ ክፍልም አላቸው፤ እዚያ መጽሐፍ አይረጋም፣ ሻጋታው ግን ስለሚዘገይ ጥቂት ቀን ይገዛላችኋል። መብራት የሚጠፋበት አካባቢ ከሆነና ጄኔሬተር ከሌለ አትጀምሩት፤ መርጋትና መቅለጥ እየተፈራረቀ ከሚጎዳው መጀመሪያውኑ ባይገባ ይሻላል። የመስታወት ኔጌቲቭ፣ በሸራ ወይም በእንጨት ላይ የተሳለ ሥዕልና የእንጨት ዕቃ ወደ ፍሪዘር አይገቡም። ብራናን ባለሙያ ሳይጠየቅ አታስገቡ።

9. ከመጽሐፍ ሌላ

እርስ በርስ የተጣበቁ ፎቶዎች ሳይደርቁ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይቆዩ፤ ግን ከ48 ሰዓት አይለፉ። ሲላቀቁ ምስሉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አስተኙ፣ ፊታቸውን በጣት አትንኩ። በእንጨት ላይ የተሳለ ሥዕል ጠፍጣፋ ሆኖ ፊቱን ወደ ላይ ይተኛ፤ የተነሣ ቅርፊት ካለው የወደቀውን ፍርፋሪ ሰብስባችሁ በፖስታ አድርጉና ቁጥሩን ጻፉበት። የድሮ ካባና መጎናጸፊያ በራሱ አይነሣ፤ ከሥሩ አንሶላ አስገብታችሁ በአንሶላው ተሸከሙት። መስቀልና ሌላ ብረታ ብረት ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ በአመድም በሎሚም አይወልወል። ማሲንቆ፣ ከበሮና በቆዳ የተለበጠ ዕቃ ሁሉ በጥላ፣ ቀስ ብሎ ይድረቅ።

እሳት ከነበረም የሚገጥማችሁ ብዙው ውኃ ነው። ሚያዝያ 10 ቀን 2013 ዓ.ም. ከቴብል ተራራ ግርጌ የተነሣ ሰደድ እሳት በደቡብ አፍሪካ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲን የጃገር ቤተ መጻሕፍት ሲያቃጥል የእሳት መከላከያ በሮቹ ምድር ቤቱን ከነበልባሉ አድነውት ነበር፤ እሳቱ የጠፋበት ውኃ ግን ወደዚያው ወረደ፣ በጎ ፈቃደኞችም በሳጥን በሳጥን ሲያወጡ ሰነበቱ። ከእሳት በኋላ የተለየው ነገር ጥቀርሻው ነው፦ በእርጥብ ጨርቅ ከነካችሁት ይሠርጋል። ጫፉ የከሰለ መጽሐፍ ሙሉውን ካርቶን ላይ አስተኝታችሁ በካርቶኑ ውሰዱት።

10. ከደረቀ በኋላ

የደረቀውን ወዲያው ወደ መደርደሪያው አትመልሱ፤ ግድግዳውና ወለሉ ገና እርጥብ ናቸው። መደርደሪያው ተጠርጎ፣ ጣሪያው ተጠግኖ፣ ክፍሉ ለሳምንታት አየር አግኝቶ ይሁን። ሲመለሱ የታችኛው ረድፍ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል፣ ከግድግዳውም ትንሽ ይራቅ።

ሻጋታ ያወጣው ለብቻው፣ በሌላ ክፍል ይቀመጥ። እርጥብ ሻጋታ ሲጠርጉት ይቀባል፤ እስኪደርቅ ጠብቁና ውጭ፣ ነፋሱን ጀርባችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ ማስክና ጓንት ለብሳችሁ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። በረኪና አይነካው።

ከመበተናችሁ በፊት ዝርዝሩን ከባለቤቱ ጋር ቁጠሩ፦ የወጣው፣ የደረቀው፣ ፍሪዘር የገባው፣ ተለይቶ የተቀመጠው፣ መዳን ያልቻለው። መዳን ያልቻለውን የመጣል ውሳኔ የእናንተ አይደለም፤ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ቁጥሩን ጽፋችሁ አስረክቡ። ዝርዝሩ በሁለት ቅጂ ይፈረም፤ አንዱ ከስብስቡ ጋር፣ አንዱ ከአስተባባሪው ጋር ይቅር፣ ፎቶዎቹም በአንድ ሰው ስልክ ብቻ አይቅሩ። በሳምንት አንድ ቀን እየመጣ መደርደሪያውን የሚያሸት ሰው ስሙ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ሻጋታ ከመታየቱ በፊት ብዙ ጊዜ ይሸታል።